ጄት አይሮፕላንና የደጋው አየር



ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር ስላክ፣ በቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ዕቃ በሚመዘንበት ስፍራ ቆሜ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ከፊቴ ነጭ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ነበሩ። የሚሄዱት ዋሽንግተን ወደሚኖረው ልጃቸው ዘንድ ሲሆን፣ ሻንጣቸው ከተፈቀደው ክብደት 2 ኪሎ በልጦ ስለ ተገኘ ሚዛን ላይ የነበረው ወጣት ትርፉን እንዲያወጡ ጠየቃቸው። እሳቸውም በርበሬ የተቋጠረበትን ዕቃ በእጃቸው እየዳበሱ፣ «ልጄ፣ ይህ ቤት የሚያህል አይሮፕላን ሁለት ኪሎ በርበሬ ይከብደዋል?» ሲሉ ጠየቁት። ወጣቱም አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ ምን ላድርግ፣ ደንቡ ነው» አላቸው።

ወጣቱ ደንቡን በማክበሩ አይነቀፍም። ነገር ግን የእናቲቱ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀረ። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ዘርግተን ሕዝብ የምናገለግል ሰዎች «ደንቡ ነው» የምትለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምንናገር እናውቃለን። ደንቡ ከምን እንደ ተወለደ የምንናገረው ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ፣ ጊዜው ቢያልፍም፣ የእናቲቱን ጥያቄ ለመመለስ እሞክራለሁ። መልሱ የሚገኘው እኛ በምንኖርበት የደጋ አየር ውስጥ ነው።

አየር ለዓይን ስለማይታይ ባዶ ይመስለናል እንጂ ክብደት ያለው ነገር ነው። እኛ ሰዎች በውኃ ሳይሆን በአየር በተሞላ ባሕር ወለል ላይ እንኖራለን ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። በባሕሩ ዳርቻ የሚኖር ሰው ይህ የአየር ባሕር በሙሉ ይጫነዋል፤ ወደ ተራራ የወጣ ሰው ግን ከፊሉን ከበታቹ ትቶት ስለሚወጣ የሚጫነው ያንሳል፤ የሚተነፍሰውም አየር እየሣሣ ይሄዳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሩቡ ከበታቻችን ቀርቷል ማለት ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱ ቢበረታም ውኃው ከዚያ በላይ ስለማይግል፣ ባቄላውና ሥጋው ለመብሰል ጊዜ ይፈጅበታል። ደግሞም አዲስ አበባ ላይ ጥርቅም ተደርጎ የተከደነ ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሰው፣ ጠርሙሱ ማንም ሳይነካው ተጨማዶ ያገኘዋል። የቆላው አየር በከባድ እጁ ስለ ጨበጠው ነው።

አባቶቻችን ባሮሜትር የሚባለውን የአየር ግፊት መለኪያ ሳያውቁ፣ ከፍታን በአዝመራውና በብርዱ መዝነው አገራቸውን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ከፍለዋል። በሜትር ሲተረጐም ቆላው እስከ 1,500፣ ወይና ደጋው እስከ 2,300፣ ደጋው እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ነው። ዝቅ ሲል በዳሎል ምድሩ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይጎደጉዳል፤ ከፍ ሲል በራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። ማሽላው ከቆላ፣ ጤፉ ከወይና ደጋ፣ ገብሱ ከደጋ መምጣቱ የዚህ ደረጃ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር መውጣት አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛልና፣ ከምድር ወገብ ያልራቀው አገራችን በቀትር ጋቢ የሚያስደርበው ከፍታው ነው።

ይህ ከፍታ ግን በነፃ የተሰጠ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ለመሻገር የዓባይን ሸለቆ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድና ያንኑ ያህል ሽቅብ መውጣት ግድ ነው። ጥንት ነጋዴው አጋሰሱን ይዞ ከዳገቱ ሥር ሲደርስ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ጭነቱን መቀነስና ማከፋፈል ነበር። ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ማራገፍ እንደማይመች ያውቃልና። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ይህን ነጋዴ አንርሳው፤ ወደ ኋላ በቦሌ መንደርደሪያ ላይ እናገኘዋለን።

የሣሣ አየር ለአንዱ ሲጠቅም ሌላውን እንደሚጎዳ ዓለም በግልጽ ያየው በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ነው። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር ጥቅምት 1968፣ በእኛም 1961 ዓ.ም. ነበር። ሜክሲኮ ከተማ 2,240 ሜትር ላይ ትገኛለች። አሜሪካዊው ቦብ ቢመን በዚያ ቀጭን አየር ውስጥ 8 ሜትር ከ90 ሳንቲም ዘሎ የነበረውን የርዝመት ዝላይ ክብረ ወሰን በ55 ሳንቲም አሻሻለው። ዘላዩን ወደ ኋላ የሚገፋው አየር በመሣሣቱ የተወሰነ እገዛ አግኝቷል። በረጅም ርቀት ሩጫ ግን ብዙዎቹ የቆላ አገር ሯጮች ትንፋሽ አጠራቸው። ማራቶኑን ያሸነፈው የእኛው ማሞ ወልዴ ነው። የደጋ ሰው አካል ከአየሩ ጋር እንዴት እንደ ተስማማ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይመራመራሉ። በ2002 በፈረንጆች አቆጣጠር በታተመው የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የሲንቲያ ቢል ጥናት መሠረት፣ በሰሜን ተራሮች 3,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል። ሰው በብዙ ትውልድ የለመደውን ነገር መሣሪያ ግን በስሌት ካልሆነ ሊለምደው አይችልም።

እንግዲህ ወደ ጄት አይሮፕላን እንመለስ። ጄት አይሮፕላን በባሕርዩ ከፍታ ወዳድ ነው። ከ10,000 እስከ 12,000 ሜትር ባለው ሰማይ ላይ አየሩ እጅግ ስለሚሣሣ አይሮፕላኑን ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል፤ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ ሞተሩ ይስማማዋል። በዚህም ምክንያት በትንሽ ነዳጅ ብዙ መንገድ ይሄዳል። በዝቅታ እንዲበር ቢገደድ ግን ነዳጁን ያለ ዕረፍት ይጨርሳል። በ12,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ሰው በዚያ አየር ቢጋለጥ በደቂቃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ሞተሩ ከፍታን ሲሻ፣ ተሳፋሪው ደግሞ ዝቅታን ይሻል። ሁለቱን ለማስታረቅ የተገኘው ብልሃት የተሳፋሪዎቹን ክፍል እንደ በርሜል ደፍኖ አየር እየጨመቁ መሙላት ነው።

ታዲያ ምን ያህል አየር ይሞላ? የባሕር ዳርቻውን ያህል ቢሞላ የአይሮፕላኑ ግድግዳ ብዙ ግፊት ስለሚሸከም መወፈርና መክበድ ይኖርበታል። እጅግ ቢሣሣ ደግሞ ተሳፋሪው ይጎዳል። መሐንዲሶችና ሐኪሞች መክረው የወሰኑት ልክ 8,000 ጫማ፣ ማለት 2,440 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከቦሌ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ አራት ኪሎ አቅጣጫ የወጣ ሰው የሚያገኘው አየር ማለት እኮ ነው። ለዓለም መንገደኛ «ከዚህ በላይ አይፈቀድም» ተብሎ በአይሮፕላን ሕግ የተወሰነው የከፍታ ዳር፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስበትና ገበያ የሚወጣበት የዕለት አየሩ ነው።

ይህን የደጋ አየር ወደ ሰማይ ይዞ ለመውጣት የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። መንገደኛ በመጫን የመጀመሪያው ጄት አይሮፕላን ኮሜት የሚባለው የእንግሊዝ ሥራ ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ግንቦት 2 ቀን 1952 ከለንደን ተነሥቶ በሮም፣ በቤይሩት፣ በካርቱም፣ በኢንቴቤና በሊቪንግስተን በኩል ወደ ጆሃንስበርግ በረረ። ጉዞው ወደ አፍሪካ መሆኑን፣ መጨረሻውም ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ መሆኗን ልብ ይሏል። ኮሜት ከቀድሞዎቹ አይሮፕላኖች እጅግ ከፍ ብሎ፣ እጅግ ፈጥኖ፣ ሳይንገጫገጭ ስለሚሄድ ዓለም ተደነቀበት።

ይሁን እንጂ ጥር 10 ቀን 1954 በፈረንጆች አቆጣጠር አንዱ ኮሜት ከሮም ተነሥቶ ሽቅብ ሲወጣ በኤልባ ደሴት አጠገብ በሰማይ ላይ ተበታተነ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ሚያዝያ 8 ቀን ደግሞ ሌላው በኔፕልስ አቅራቢያ ባሕር ላይ ወደቀ፤ 21 ሰዎች አለቁ። የእንግሊዝ መንግሥትም ኮሜቶቹ እንዳይበሩ ከልክሎ፣ ፋርንቦሮ በሚባለው የምርምር ጣቢያ አንዱን አይሮፕላን በትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገባው። በውስጡም ውኃ እየሞሉና ግፊቱን እያነሡ እየጣሉ፣ አንድ አይሮፕላን በብዙ ዓመት ሽቅብ ሲወጣና ቁልቁል ሲወርድ የሚደርስበትን በጥቂት ሳምንታት አሳዩት። በእውነተኛው በረራና በገንዳው የደረሰበት ጭነት ተደምሮ ወደ 3,000 ጊዜ ገደማ ሲሆን ግድግዳው በመስኮቱ ማዕዘን በኩል ተሰነጠቀ። ሽቦን ደጋግመን ስናጣጥፈው ያለ ብዙ ጉልበት እንደሚሰበር ሁሉ፣ የአይሮፕላኑም ብረት አየር በተሞላና በተነፈሰ ቁጥር እየተለጠጠና እየተሸበሸበ ደክሞ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አይሮፕላኖች መስኮታቸው ማዕዘን የሌለው፣ ግድግዳቸውም ስንጥቅ ቢጀምረው እንኳ ወዲያው እንዳይቀደድ ተደርጎ የተሠራ ሆነ። በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ መንገደኛ የመስኮቱን ክብ ጠርዝ ሲያይ፣ ያ ክብነት ለውበት የተደረገ እንዳይመስለው። እሱም ደንብ ነው፤ ደንቡም የ56 ሰዎች ሕይወት ተከፍሎበታል።

እስካሁን ያየነው ጄት በሰማይ ከፍታን መውደዱን ነው። በምድር ላይ ግን ያንኑ ከፍታ ይፈራል። አይሮፕላን የሚነሣው ክንፉ አየሩን እየገመሰ ሲሮጥ አየሩ ከፍ ስለሚያደርገው ነው። አየሩ ሲሣሣ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ መሮጥ አለበት። በባሕር ዳርቻ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚነሣ አይሮፕላን፣ በቦሌ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መድረስ ይኖርበታል። ሞተሩም እንደ ሰው የሚተነፍሰው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲያንስ ጉልበቱ ያንሳል። ስለዚህ የበለጠ ፍጥነት በሚጠየቅበት ስፍራ ያነሰ ጉልበት ይዞ ይገኛል። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ አየሩ ግሎ ይበልጥ ይሣሣል። መንገዱ ቢረዝምለት እንኳ፣ ከሞተሮቹ አንዱ በመነሣት ላይ ሳለ ቢጠፋ በቀሩት ሞተሮች ተራራውን ዘሎ መውጣት እንዲችል ተብሎ የጭነቱ ልክ ከመነሣቱ በፊት ይሰላል። የጥንቱን ነጋዴ እዚህ ላይ እናገኘዋለን፤ አጋሰሱ ተለወጠ እንጂ ዳገቱም ብልሃቱም ያው ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ዳገት ገና ከጅምሩ ያውቀዋል። በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ ሁለቱም ከተሞች፣ አዲስ አበባም አሥመራም፣ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚገኙ የደጋ ከተሞች ነበሩ። የጄት ዘመን ሲመጣ የልደታው ማረፊያ ስላልበቃ ቦሌ ተሠራ። በ1955 ዓ.ም. የመጡት ሁለቱ ጄቶችም ቦይንግ 720 ቢ የሚባሉት ነበሩ። ቦይንግ 720 ከታላቅ ወንድሙ ከ707 ያጠረና የቀለለ፣ በአጭር መንደርደሪያ እንዲነሣ ታስቦ የተሠራ አይሮፕላን ሲሆን፣ «ቢ» የተባለው ደግሞ የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር የተገጠመለት ነው። በጥር ወር 1955 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጄት አገልግሎት ወደ ናይሮቢ ተጀመረ። ለደጋ ከተማ ቀላል ጭነትና ብርቱ ሞተር የሚስማማ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዛሬም በቦሌ ያሉት ሁለቱ መንደርደሪያዎች እያንዳንዳቸው ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማሉ።

አሁን የእናቲቱን መንገድ እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን ለረጅም ዓመታት በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ቆይቷል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ያለ ዕረፍት በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። አይሮፕላኑ አንድ፣ ርቀቱም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? ወደ ምዕራብ ሲሄድ የሚገጥመው ነፋስ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ግን የመነሻው ከፍታ ነው። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ አይሮፕላኑ ነዳጁንም ሰዉንም ዕቃውንም ሞልቶ ይነሣል። በቦሌ ግን ለሙሉው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ቢጭን ከሰዉና ከዕቃው መቀነስ አለበት፤ ሰዉንና ዕቃውን ቢጭን ከነዳጁ መቀነስ አለበት። ሁለቱን ባንድነት የደጋው አየር አያነሣለትም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ እንዲሠራ ለተወሰነው አዲስ ማረፊያ ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ እንደ ትልቅ ጥቅም የተቆጠረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አገራችን የገባው ቦይንግ 787 ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይዞ መጣ። ግድግዳው ከብረት ይልቅ በአመዛኙ ከካርቦን ክር የተሠራ ስለሆነ ብዙ ግፊት ይችላል፤ በውስጡ የሚሞላውም አየር የ6,000 ጫማ፣ ማለት የ1,830 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከቢሾፍቱ አየር ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ በዚህ አይሮፕላን ከቦሌ የተነሣ ሰው 12,000 ሜትር ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ ሳንባው ግን 500 ሜትር ያህል ወደ ቆላ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ነው ባይባልም፣ ወደ ላይ እየወጣ ወደ ታች የሚወርድ መንገደኛ በዓለም ብዙ አይገኝም።

ክቡራን አድማጮች፤ ለእናቲቱ ጥያቄ እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። ሁለት ኪሎ በርበሬ ብቻዋን ለአይሮፕላኑ አትከብደውም። ነገር ግን ከ200 በላይ መንገደኞች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ኪሎ ቢጨምሩ ከ4 ኩንታል ያልፋል። በባሕር ዳርቻ አለልክ የተጫነ ትርፍ ሊታለፍ ይችል ይሆናል፤ በደጋ ላይ ግን ያ ትርፍ የሚወሰደው ለክፉ ቀን ከተቀመጠው መጠባበቂያ ላይ ነው። የሻንጣው ደንብ ለሁሉም ማረፊያዎች የወጣ ቢሆንም፣ ክብደቱ ከየትም ይልቅ የሚሰማው እኛ ዘንድ ነው። ከፍታ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም የሚከፈለው ከመነሣት በፊት ነው።

ነገሩ በምን እንዳለቀ ሳልነግራችሁ ብሰናበት አትወዱልኝም። እናቲቱ ጥቂት አሰቡና ሻንጣቸውን ከፍተው፣ በርበሬውን ሳይነኩ፣ ወፍራም ጋቢያቸውን አወጡና በነጠላቸው ላይ ደርበው ተከናነቡት። ሻንጣው እንደ ገና ተመዘነ፤ ልኩ ሆነ። ወጣቱ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ከኋላ የነበርነውም ሁሉ ሳቅን። ወደ ወንበሬ ከሄድሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ሚዛኑ ተታለለ እንጂ አይሮፕላኑ አልተታለለም፤ ጋቢውንም በርበሬውንም ይዞ ለመነሣት ያንኑ ያህል መሮጥ ነበረበት። ደግነቱ ስሌቱን የሚሠሩት ሰዎች መንገደኛ በትከሻው የሚደርበውን ሁሉ አስቀድመው በግምት ቆጥረውታል። የእኛም ወረቀት እንዲሁ ነው። በመዝገብ ላይ የምንጽፈው ቁጥር አለቃችንን ሊያስደስት፣ ባለጉዳዩንም ሊያሰናብት ይችላል። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ክብደት ግን የትም አይሄድም፤ የሆነ ሰው፣ በሆነ ዳገት ላይ፣ ይሸከመዋል።